«ገመናችንን ልታጠና ነው» ላሉኝ እናት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ቃሉ ግን የራሳቸው ነው።

«እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። በዲቪ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቀን የሆቴል ክፍል አጸዳለሁ፣ ማታ ማታ አረጋውያን እጠብቃለሁ። አንድ ልጅ አለችኝ። ኖቫ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምራ በጥሩ ውጤት ጨረሰች። ነርሲንግ ትገባለች ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። አሁን ‹ቨርጂኒያ ቴክ ተቀበለኝ› ብላ መጣች። ምንድን ነው የምትማሪው ብላት ‹የሰው ልጅ ዕድገትና የቤተሰብ ሳይንስ› አለችኝ። ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ቤት ገንዘብ አያያዝ ነው አለች። ባልትና ለመማር ነው እንዴ አሜሪካ የመጣነው? ባልትናማ እኔ አስተምራት የለ! በዚያ ላይ አራት ሰዓት የሚያስነዳ አገር ልትሄድ ነው። ስቆጣት ‹እማ፣ የምማረው እኮ የኛን ቤት ነው› አለችኝ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ወንድሜ በሊቢያ በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለልጆቹ የምልከው እኔ ነኝ። እናቴ እስከ ዛሬ ይመጣል ብላ በር በር ታያለች። ይሄን ሁሉ ገመናችንን ፈረንጅ ፊት ልትዘረግፈው ነው? ከተኳረፍን ሦስት ሳምንት አለፈን። እራት እንኳ አብረን አንበላም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔም የተማርኩት ይህንኑ ነው፣ ሚድዌስት ውስጥ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰው ሲጠይቀው «ሳይኮሎጂ ነው» እያለ ነው አራቱን ዓመት የገፋው። ስለዚህ ለትምህርቱ እንደማደላ ይወቁልኝ። ግን የማውቀው ከውስጥ ነው፤ የጎደለውንም ጭምር። ሁለቱንም እነግርዎታለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ባልትና» ማለትዎ ቅር አላሰኘኝም። ሥሩ እውነትም እዚያው ነው። ኤለን ስዋሎ ሪቻርድስ የምትባል ሴት ነበረች። በ1873 ከኤምአይቲ ስትመረቅ በዚያ ተቋም የመጀመሪያዋ ሴት ምሩቅ እሷ ናት። የተማረችው ኬሚስትሪ ነው። ዕድሜዋን የሰጠችው ግን የመጠጥ ውሃና የገበያ ምግብ ለመመርመር ነው። ውሃው ልጆችን ያሳምማል ወይ? ከሱቅ የተገዛው ምግብ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል ወይ? በ1899 እሷና ጥቂት ሰዎች ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ሌክ ፕላሲድ በሚባል ቦታ ተሰበሰቡና ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ሆም ኢኮኖሚክስ የሚል ስም ሰጡት። ሰው የሚታመመውም የሚድነውም፣ የሚደኸየውም የሚያልፍለትም ከቤቱ ጀምሮ ነው፤ ታዲያ ቤት ለምን በሳይንስ አይጠናም? ሐሳባቸው ይህ ነበር። በ1994 ማኅበራቸው ስሙን «የቤተሰብና የሸማቾች ሳይንስ» ብሎ ቀየረው። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ «የሰው ሳይንስ» ይለዋል፣ ሌላው «ሂውማን ኢኮሎጂ»። ስሙ በየቦታው ስለሚለያይ ወላጅ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ባልትናንም አናቃለው። በርበሬው ስንት ቀን ፀሐይ እንደሚፈልግ፣ የሽሮው እህል ምን ያህል እንደሚታመስ፣ እርሾው መቼ እንደደረሰ በአፍንጫዋና በእጇ የምታውቅ ሴት የተማረችው ነገር አለ። ማንም ዲግሪ አልሰጣትም እንጂ።

ድሬዳዋ ካደጉ ደግሞ ሐሮማያን ያውቁታል። ያኔ ዓለማያ ይባል የነበረውን የእርሻ ኮሌጅ በ1950ዎቹ ሲያቋቁሙ የረዱት ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን ናቸው። እነሱ የመጡበት ዩኒቨርሲቲና ቨርጂኒያ ቴክ የአንድ ሕግ ልጆች ናቸው። በ1862 ሊንከን የፈረመው ሕግ ለየስቴቱ መሬት ሰጥቶ የገበሬና የሠራተኛ ልጅ የሚማርበት ኮሌጅ እንዲከፈት አደረገ። ቨርጂኒያ ቴክ በ1872 የተከፈተው በዚሁ ሕግ ነው። በ1914 ሌላ ሕግ ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዕውቀታቸውን ሕዝቡ ደጅ ድረስ እንዲያደርሱ የሚል። እርሻውንም፣ የቤት አያያዙንም። ኤክስቴንሽን የሚባለው ይሄ ነው። እኛ አገር ስለ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መወራት የጀመረውም በዓለማያ በኩል ነው። ልጅዎ የምትሄድበት ግቢ እንግዲህ እርስዎ ካደጉበት ቀዬ ጋር ትንሽ ዝምድና አለው።

ምን ይማራሉ? አንድ ቀን ልንገርዎት።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ግቢያችን ውስጥ የሕፃናት ማዋያ ነበር። ከጎኑ ጠባብ፣ ጨለም ያለች ክፍል አለች። መስታወቱ ከኛ በኩል ያሳያል፣ ከልጆቹ በኩል አያሳይም። ሥራችን አንድ ልጅ መርጠን ለሃያ ደቂቃ ያየነውን መጻፍ ነው። እኔ የያዝኩት አራት ዓመት የሚሆነውን ልጅ ነበር። ኩብ ይደረድራል። አንዲት ልጅ መጥታ አንዱን ወሰደችበት። እኔ «ተናደደ» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ወረቀቱን ስትመልስልኝ ቃሉን በእርሳስ ሰርዛዋለች። ጎኑ ላይ «ምን አየሽ?» የሚል ጽፋለች። ቁጭ ብዬ አስታወስኩ። እጁ ቀጥ አለ። ትከሻው ወደ ላይ ተነሳ። ወደ አስተማሪዋ ዞሮ አየ። አስተማሪዋ አላየችውም። ከዚያ ለልጅቷ ጀርባውን ሰጥቶ የቀሩትን ኩቦች በክንዱ ከበባቸው። ተናዶ ላይሆን ይችላል። ፈርቶ ይሆናል። የሚረዳው ሰው ፈልጎ አጥቶ ይሆናል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የታናሽ ወንድሜን «ብልግና» በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ቨርጂኒያ ቴክም ተማሪዎች የሚለማመዱበት እንዲህ ያለ የሕፃናት ማዋያ አለው።

ደግሞ የሕፃናት ብቻ አይደለም። የሰው ልጅ ዕድገት ሲሉ ከማህፀን እስከ መቃብር ነው። እርስዎ ማታ ማታ የሚሠሩት ሥራ በዚህ ትምህርት ውስጥ ራሱን የቻለ ኮርስ ነው። አንድ የመርሳት በሽታ ያለባቸው አዛውንት አልታጠብም ብለው ሲያስቸግሩ ምን ብለው እንደሚያባብሏቸው ለልጅዎ ነግረዋት ያውቃሉ? ይንገሯት። ማስታወሻ ትይዛለች።

የገንዘቡንም ልጨምር። እናቴ አንድ ጊዜ አሮጌ መኪና በብድር ገዛች። 12,000 ዶላር። ሻጩ የነገራት የወሩን ክፍያ ብቻ ነው፤ 300 ዶላር ገደማ። «እሱንማ እችላለሁ» ብላ ፈረመች። እኔ በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ የብድር ስሌት እየተማርኩ ነበር። ወረቀቱን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሠራሁት። ወለዱ 22 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው ስድስት ዓመት። ሲደመር 21,700 ዶላር አካባቢ። እናቴ ቁጥሩን አይታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በሳምንቱ የዕቁብ ጓደኞቿን ውል ሰብስባ መጣች። አራት ውል አነበብኩ። ሁለቱን ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋም) ሄደን በዝቅተኛ ወለድ አስቀየርናቸው። በ1968 የወጣ ሕግ አበዳሪ የዓመቱን ወለድ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። በእናቴ ውል ላይም ቁጥሩ ነበር። አንብቦ የሚነግራት ሰው ነው ያጣችው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ገመና።

ልጅዎ «የምማረው የኛን ቤት ነው» ስትል እርስዎ የሰሙት «ገመናችሁን ላወጣው ነው» የሚል ነው። ይገባኛል። ገመና ይሸፈናል፤ እንዲያ ነው ያሳደጉን። ግን እሷ ያለችው ሌላ ነገር ይመስለኛል። በዘጠኝ ዓመቷ የመጣች ልጅ ናት። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ኪራይ ቢሮ ስታስተረጉም ነው ያደገችው አይደል? በልጅነታቸው ለወላጆቻቸው የሚያስተረጉሙ ልጆች ራሱን የቻለ የጥናት ርዕስ ናቸው። ምን እንደሚያተርፉ፣ ምን እንደሚከብዳቸው ይጠናል። ልጅዎ የዕድሜዋን ግማሽ የሠራችው ሥራ መጽሐፍ ውስጥ ስም እንዳለው አይታ ይሆናል።

ስለ ምስጢሩ ደግሞ አይስጉ። ተማሪ ተነስታ የሰው ቤት ታሪክ «ምርምር» ብላ ማውጣት አትችልም። ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት አስቀድሞ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል። የሚጠየቀው ሰው ተነግሮት፣ ፈቅዶ ነው፤ ማንነቱም ይጠበቃል። እርግጥ ነው፣ «ስለ ቤተሰብሽ ጻፊ» የሚል የቤት ሥራ ይመጣል። እሱን መምህሩ ነው የሚያነበው። ምን ይጻፍ፣ ምን ይቅር የሚለውን ከአሁኑ ተነጋገሩ። «የአጎትሽን ነገር አትጻፊ» ካሏት፣ መብትዎ ነው።

ግን ስለ አጎቷ አንድ ነገር ልንገርዎት። ፖሊን ቦስ የሚባሉ ምሁር አሉ። ያስተማሩት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ በቤተሰብ ማኅበራዊ ሳይንስ ክፍል ነው። እሱም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1970ዎቹ ባሎቻቸው በቬትናም ጦርነት የገቡበት ያልታወቀባቸውን ሴቶች አጠኑ። ሞተ እንዳይባል አስከሬን የለም። አለ እንዳይባል ድምፅ የለም። ሴትየዋ ባለትዳር ናት ወይስ መበለት? ልጆቹስ አባት አላቸው ይበሉ ወይስ የለንም? ምሁሯ ለዚህ ስም አወጡለት። እኔ ወደ አማርኛ ስመልሰው «ያልለየለት ሐዘን» እለዋለሁ።

እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። መርዶ የሚነገረው፣ ድንኳን የሚጣለው፣ እርም የሚወጣው የሰው ሞት ሲታወቅ ነው። መርዶ ያልመጣበት ቤት እርሙን በምን ያወጣል? ለቅሶ እንዳይቀመጡ «ሟርተኛ» ይባላሉ። እንዳይተዉት ሌሊቱ አያስተኛም። ፖሊን ቦስ ያሉት ነገር እኔን በጣም ረድቶኛል። ሕመሙ ያለው ከሁኔታው ነው እንጂ ከሐዘንተኛው አይደለም አሉ። ቤተሰቡን «በቃ ዝጉትና እለፉ» ማለት እንደማይጠቅምም አስተማሩ። ሰው ሁለቱንም በልቡ ይዞ መኖር ይችላል፤ ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል። እናትዎ በር በር የሚያዩት አእምሯቸው ደክሞ አይደለም።

ይህን በተማርኩበት ቀን ከክፍል ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አክስቴ በደርግ ጊዜ የተወሰደባትን የባሏን ኮት ከቁም ሳጥን አላወጣችም። በየዓመቱ እያራገፈች መልሳ ትሰቅለዋለች። ቤተሰቡ «አእምሮዋ ተነክቷል» ይላት ነበር። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ለካ አንድም ቀን አእምሮዋ አልተነካም። ይህን ያወቅሁት በትምህርት ነው። በሕይወት ሳለች ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ለዚያ እግዚአብሔር ይመስገን።

እንግዲህ ወደ እንጀራው። ዝም ብዬ ካሞገስኩልዎት አታለልኩዎት ማለት ነው። የዚህ ትምህርት ድካሙ ክፍያው ላይ ነው። የቤተሰብ ሳይንስ ባችለር ብቻውን ብዙ ደመወዝ አያስገኝም። አሜሪካ ውስጥ በ2023 የሕፃናት ማዋያ ሠራተኛ መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያው የትምህርት ዘር የሚወጣው የሥነ ምግብ ባለሙያ ግን ወደ 70 ሺህ ይጠጋ ነበር። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች አንዱ የሙያ ፈቃዱ ነው። ስለዚህ «ለምን ይሄን መረጥሽ?» የሚለውን ይተዉትና «ስትጨርሺ በእጅሽ የሚኖረው ፈቃድ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቋት። እስከ ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ድረስ መልስ ሊኖራት ይገባል።

ምክንያቱም በሮቹ ይለያያሉ። የትዳርና የቤተሰብ ቴራፒስት መሆን ካማራት ማስተርስ ግዴታ ነው። ከዚያም በኋላ ሙሉ ፈቃድ እስክታገኝ በሌላ ባለሙያ ክትትል ሥር የምትሠራው ረጅም ሰዓት አለ። ሥነ ምግብ ከሆነ ክፍሉም ሌላ ነው፤ ከ2024 ወዲህ ለፈተናው ለመቀመጥ ማስተርስ ይጠየቃል። ሆስፒታል ውስጥ የታመሙ ልጆችን የሚያረጋጉ፣ ቀዶ ሕክምናውን በአሻንጉሊት የሚያስረዱ «ቻይልድ ላይፍ» የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ። ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን 600 ሰዓት ልምምድ ይፈልጋል፤ የልምምድ ቦታ ለማግኘትም ፉክክሩ ከባድ ነው። በቤተሰብ ግንኙነት ብሔራዊ ምክር ቤት የሚሰጥ የቤተሰብ ሕይወት አስተማሪነት የምስክር ወረቀትም አለ። ፕሮግራሙ በምክር ቤቱ የጸደቀ ከሆነ መንገዱ ያጥራል። ይህን አማካሪዋን በመጀመሪያው ሳምንት ትጠይቅ።

ሌላው መምህርነት ነው። በመካከለኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ ትምህርት ማስተማር። በብዙ ስቴቶች መምህር የጠፋበት ትምህርት ነው። የትምህርት ቤት ደመወዝ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ ጡረታ አለው። እኔ ብጠየቅ ልጅዎ ይህን በር ሳታንኳኳ ባታልፍ ደስ ይለኛል። የኛ ልጆች የሞሉበት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ብድር፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ትዳር የምታስተምር አበሻ መምህርት ማየት እፈልጋለሁ።

ነርሲንግስ? አልተዘጋም። ባችለር ላለው ሰው ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል የሚፈጅ የተፋጠነ የነርሲንግ ፕሮግራም አለ። አናቶሚ፣ ማይክሮባዮሎጂና ስታቲስቲክስ ቀድመው ይፈለጋሉ፤ የሰው ልጅ ዕድገትም ብዙ ቦታ ይጠየቃል። ሐሳቧን ከቀየረች መንገድ አላት። ግን እንድትቀይር እየጠበቁ አይላኳት። ልጅ ያውቃል።

ስለ ብድር አንድ ነገር አደራ። ፋፍሳውን፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውን፣ በጊዜ ትሙላ። በሦስተኛና በአራተኛ ዓመት በራሷ ስም ከፌዴራል መንግሥት በየዓመቱ እስከ 7,500 ዶላር መበደር ትችላለች። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ከዚያ ውስጥ እስከ 5,500 የሚሆነው ትምህርት ላይ እስካለች ወለዱን መንግሥት የሚሸፍነው ነው። ከዚህ ሌላ «ፓረንት ፕላስ» የሚባል ብድር በእርስዎ ስም ያቀርቡልዎት ይሆናል። እሱን ቶሎ አይፈርሙ። ዕዳው የእርስዎ ነው። ተመርቃ ሥራ ብትይዝም መንግሥት ወደ እሷ ስም አያዛውረውም። ድሬዳዋ የሚጠብቁዎት የወንድም ልጆች አሉ። ያለ እሱ ብድር የማይሞላ ጉድለት ካለ፣ ፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲም የመንግሥት ነው፤ ተቀራራቢ ትምህርት አለው፤ ከቤት እየተመላለሰች መማር ትችላለች። ሒሳቡ ከሞላ ግን ቨርጂኒያ ቴክ ወዳለበት ብላክስበርግ ትሂድ። ከአሌክሳንድሪያ ጣቢያ የሚነሳ ባቡር ሮአኖክ ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ አውቶቡስ አለ። ሀይዌይ መንዳት ባይወዱም ሄደው ሊጠይቋት ይችላሉ።

ቦታዋን የምታስይዝበት ቀን ሳያልፍ ያነጋግሯት። ሦስት ሳምንት ለአንድ እናትና ለአንድ ልጅ ረጅም ነው። እሷ እስክትጀምር አይጠብቁ።

የምትጀምሩበትንም ልጠቁምዎት። የአሜሪካ ቀይ መስቀል በጦርነት፣ በአደጋና በስደት የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል። በነፃ ነው፤ የሚነገራቸውንም በምስጢር ይይዛሉ። ይገኛል ብዬ ተስፋ ልሸጥልዎት አልችልም። ግን የሚጠየቁት ነገር አለ፤ የወንድምዎ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ዘመኑ፣ የአባትና የእናት ስም፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበት ቦታና ጊዜ። ልጅዎን ከጎንዎ ያስቀምጧት። እንግሊዝኛውን እሷ ትጻፈው። የመጨረሻውን ስልክ እርስዎ ይንገሯት፤ ከየት እንደደወለ፣ ማንን እንደጠየቀ፣ ምን እንዳለ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ስልኩን ተቀብላ አናግራው ከነበረ እርስዎ ያልሰሙትን ነግሯት ይሆናል።